ደብተሩ በእጅሽ ይቆይ

የሙዚቃ ጥያቄና መልስ ዓምድ

በዚህ ወር ከሐዋሳ ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ጸሐፊዎቹ የሚተዋወቁ አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ የሦስቱም ጥያቄ የሚያጠነጥነው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። የራሱን ግጥምና ዜማ የሚደርስ፣ ጊታር ይዞ ብቻውን የሚዘፍን፣ ካንትሪ በሚባለው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ፍቅር የተነደፈ ወጣት ሥራውን እንዴት ይጀምራል የሚለው ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ለሦስቱ ደብዳቤዎች ብቻ ሰጥቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

«የ19 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው በሐዋሳ ነው። አባቴ የሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር ስለነበረ የኬኒ ሮጀርስን፣ የዶን ዊሊያምስንና የዶሊ ፓርተንን ካሴቶች እየሰማሁ አደግሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሜ ያገለገለ ጊታር ገዛልኝ። ራሴን በራሴ አስተምሬ እስካሁን 14 ዘፈኖች ጽፌአለሁ። ግጥሞቹ በአማርኛ ናቸው፤ አጨዋወቴ ግን የካንትሪ ነው። የሚሰሙኝ ሰዎች ‹ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይህ የፈረንጅ ዘፈን ነው፤ ለእኛ ሰው አይሆንም› ይሉኛል። ግጥምና ዜማ ከታወቀ ደራሲ ገዝቼ እንድዘፍን የሚመክሩኝም አሉ። የአሜሪካ የካንትሪ ዘፋኞች በእኔ ዕድሜ እንዴት ጀመሩ? እኔስ እዚህ ሐዋሳ ሆኜ ከየት ልጀምር? ስሜ ይቆይ።»

ውድ እኅታችን፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምሁት «14 ዘፈኖች» ከሚለው ላይ ነው። ስለ ካንትሪ ዘፋኞች አጀማመር ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንድ የኩባንያ ኃላፊ አንድ ማታ ድንገት ሰምቷቸው እንዴት ለወግ ለማዕረግ እንዳበቃቸው ነው። ታሪካቸውን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ግን ከዚያች ማታ በፊት ረዘም ያሉ ዓመታት አሉ፤ በእነዚያ ዓመታት የሠሩትም አንቺ አሁን በደብተርሽ ላይ የምትሠሪውን ነው።

ዕድሜሽን ስለጠቀስሽ ገና በልጅነቷ የጀመረችውን አሜሪካዊቷን ዘፋኝ ቴይለር ስዊፍትን ላንሣ (ከአዋጁ ቁጥር በቀር በዚህ ዓምድ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እ.ኤ.አ. በ1989 በፔንሲልቬኒያ ግዛት ተወለደች፤ ልጅነቷን ያሳለፈችውም ቤተሰቧ የገና ዛፍ ያለማበት በነበረ እርሻ ላይ ነው። 11 ዓመት ሲሆናት የሌሎች ዘፋኞችን ሥራ በካራኦኬ፣ ማለትም ድምፅ በሌለው የመሣሪያ ቅንብር ላይ ዘፍና የቀዳችውን ናሙና ይዛ ከእናቷ ጋር ወደ ናሽቪል ሄደች። ናሽቪል የቴኔሲ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ የካንትሪ ሙዚቃ አሳታሚዎች፣ ስቱዲዮዎችና ደራሲዎች የተሰባሰቡትም በዚያች ከተማ ነው። ልጅቷ በየኩባንያው በር እየገባች ናሙናዋን አደለች፤ ፍሬ ግን አላገኘችበትም። በዚያ ጊዜ በእጇ የነበረው የሰው ዘፈን መሆኑን ልብ እንድትዪልኝ እፈልጋለሁ፤ የሰውን ዘፈን አሳምሮ የሚዘፍን ልጅ ደግሞ በናሽቪል ሞልቶ የተረፈ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነው ጊታር የተማረችውና መጻፍ የጀመረችው። በ14 ዓመቷ ቤተሰቡ ለናሽቪል ቅርብ ወደሆነችው ወደ ሄንደርሰንቪል ተዛወረ። አንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ወዲያው ሳያስቀዳት እያሠለጠነ እንዲያቆያት የሚያስችለው ውል አስፈርሟት ነበር፤ እርሷ ግን በቶሎ መቅዳትን፣ ያውም የራሷን ዘፈኖች መቅዳትን ስለፈለገች ውሉን ትታ ወጣች። አንዲት የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ እንዲህ ያለ በር የከፈተላትን ኩባንያ ትታ መውጣቷን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል። በዚያው ዘመን የተሳካላት ደግሞ በዘፋኝነት ሳይሆን በዘፈን ደራሲነት ነው፤ ሶኒ የተባለው ኩባንያ የዘፈን አሳታሚ ክፍል በ14 ዓመቷ አስፈረማትና በድርጅቱ ታሪክ በዕድሜ ትንሿ ደራሲ ሆነች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሊዝ ሮዝ ከተባለች በዕድሜ ከምትበልጣት ደራሲ ጋር እየተገናኘች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ለሁለት ሰዓት ያህል አብረው ይጽፉ ነበር። ሊዝ ሮዝ ኋላ ስትናገር የእርሷ ድርሻ በአብዛኛው የአርታኢ እንደነበረ፣ ልጅቷ የዋለችበትን ስትነግራት ትርፍ የሆነውን እየቀነሰች ፍሬውን ማስቀረት እንደነበረ ገልጻለች። ይህ አብሮ የመጻፍ ልማድ በናሽቪል የተለመደ የዕለት ሥራ ነው፤ ለእኛ አገር ወጣቶች ከሁሉ አስቀድሜ የምመኘውም ይህንኑ ነው።

«ድንገት የሰማት» የሚባለው ማታም በዚህ ሁሉ ላይ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ብሉበርድ ካፌ በተባለ ቤት ጊታሯን ይዛ ስትዘፍን፣ አዲስ ኩባንያ ለማቋቋም እየተዘጋጀ የነበረው ስኮት ቦርቼታ ሰማት፤ ቀጥሎም አስፈረማት። የመጀመሪያ አልበሟ በጥቅምት ወር 2006 ሲወጣ በውስጡ የነበሩትን 11 ዘፈኖች በሙሉ ብቻዋን ወይም ከሌሎች ጋር ሆና የጻፈቻቸው እርሷ ነበረች። ሦስቱን ያለ ማንም እገዛ ነው የደረሰቻቸው፤ ከእነዚህ መካከል አንዱን የጻፈችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ለትምህርት ቤት የተሰጥኦ ትርኢት ነበር። ያ ለክፍል ጓደኞቿ የተጻፈ ዘፈን በ2007 መጨረሻ በአሜሪካ የካንትሪ ሰንጠረዥ፣ ማለትም በዘፈኖች የተወዳጅነት ደረጃ ዝርዝር ላይ፣ አንደኛ ሆኗል።

ስለ ብሉበርድ ካፌ ትንሽ ልጨምርልሽ፤ ለሐዋሳው ጥያቄሽ መልስ በከፊል እዚያ አለና። ቤቱ የተከፈተው በ1982 ነው። ከተርታ ሱቆች መካከል የሚገኝ፣ ከመቶ ያነሰ ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ ክፍል ነው። በታወቀበት ልማድ መሠረት ሦስት ወይም አራት ደራሲዎች ከመድረክ ላይ ሳይሆን ከክፍሉ መካከል እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ተራ በተራ የራሳቸውን ዘፈን ከነአጻጻፉ ታሪክ ያቀርባሉ፤ ታዳሚው ደግሞ ዝም ብሎ ያዳምጣል። በዘፈኑ መካከል ወሬ ማውራት በቤቱ ነውር ነው። ዘፈኑ ያለ ከበሮ፣ ያለ ኪቦርድና ያለ መብራት በአንድ ጊታር ብቻ ቆሞ መሄድ ይችል እንደሆነ የሚታወቀው እንደዚህ ባለው ክፍል ውስጥ ነው።

ሁሉም እንዲህ ባለ ምቾት አልጀመረም። በኬንታኪ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ የነበረችው ሎሬታ ሊን በ15 ዓመቷ ተዳረች፤ ገና በወጣትነቷም የአራት ልጆች እናት ሆነች። ባሏ ርካሽ ጊታር ገዝቶላት ራሷን በራሷ አስተማረች። የመጀመሪያ ሸክላዋ በ1960 ሲወጣ ባልና ሚስቱ በመኪናቸው ከአንዱ ራዲዮ ጣቢያ ወደ ሌላው እየነዱ ሸክላውን በገዛ እጃቸው ለአዘጋጆች አደሉት፤ ዘፈኑም ወደ ካንትሪ ሰንጠረዥ ገባ። ያን ዘፈን የጻፈችው እርሷው ነበረች።

አሁን «የፈረንጅ ዘፈን ነው» ወደሚሉሽ ሰዎች ልመለስ፤ በዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የካንትሪ ሙዚቃ ከገጠር ሰዎች ትዝታ የተነሣ፣ ታሪክ የሚተርክ ሙዚቃ ነው። ከዋነኛ መሣሪያዎቹ አንዱ የሆነው ባንጆ የተባለው ባለ ክር መሣሪያ መሠረቱ አፍሪካዊ ነው፤ በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የሄዱት ጥበብ ነው። ከ1925 ጀምሮ ከናሽቪል በሚተላለፈው ግራንድ ኦል ኦፕሪ በተባለው የራዲዮ ዝግጅት ላይ ከቀደምት ዝነኞች አንዱ በአፍ የሚነፋው የሃርሞኒካ ተጫዋች ጥቁሩ ዲፎርድ ቤይሊ ነበር። የካንትሪ ደራሲዎች ሁሉ እንደ አባት የሚያዩት ሃንክ ዊሊያምስም በልጅነቱ ጊታር የተማረው ሩፈስ ፔይን ከተባለ ጥቁር የመንገድ ሙዚቀኛ ነው። እኛስ ብንሆን አንድ መሣሪያ ይዞ፣ ብቻውን ተቀምጦ፣ የራሱንና የሰዉን ኑሮ የሚተርክ ዘፋኝ መቼ አጣን? አዝማሪው በማሲንቆው፣ ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በክራራቸው የሠሩት ይህንኑ አይደለምን? አስናቀች ክራሯን ይዛ ስትዘፍን ቤቱን የሚይዘው የግጥሙ ቃልና የድምፁ አያያዝ ነው፤ ካንትሪም ከዘፋኙ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ዝምድናው በድምፆቹ ላይም ይታያል። ትዝታ ሜጀር ብለን የምንጠራው ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ካንትሪ የተወለደባቸው፣ በምሥራቅ አሜሪካ የሚገኙት የአፓላቺያ ተራሮች ብዙ የቆዩ ዜማዎችም በእነዚሁ አምስት ድምፆች የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የአባትሽን ካሴቶች ስትሰሚ ዜማው ከቤትሽ ያልራቀ ሆኖ ቢሰማሽ ትክክል ነሽ። መጠንቀቅ ያለብሽ ከኮርዱ፣ ማለትም አንድ ላይ ከሚመቱት ድምፆች ላይ ነው። ካንትሪ በአብዛኛው በሦስት ኮርዶች ይጫወታል፤ ከጂ የተነሣሽ እንደሆነ ጂ፣ ሲና ዲ (G፣ C፣ D) ናቸው። በጂ ላይ በተመሠረተ ትዝታ ጂ ሜጀርና ኢ ማይነር ሦስቱም ድምፆቻቸው ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው፤ ያለ ሥጋት ተጫወቻቸው። ሲ ሜጀር ግን የሲን ድምፅ፣ ዲ ሜጀር ደግሞ ኤፍ ሻርፕን ከቅኝቱ ውጭ ያመጣሉ። ዘፈንሽ «ፈረንጅ ፈረንጅ» የሚልባቸው ቦታዎች ምናልባት እነዚህ ናቸው። በዲ ቦታ መካከለኛውን ድምፅ ትተሽ ዲንና ኤን ብቻ ብትመቺ፣ ሲን ደግሞ ዜማው ከኢ ወይም ከጂ ላይ ሲያርፍ ብቻ ብትጠቀሚበት ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ትሰሚዋለሽ። ከ14ቱ ዘፈኖችሽ አንዱን በሁለቱም መንገድ ቅጂና ለሚተቹሽ ሰዎች ሳትነግሪያቸው አሰሚያቸው።

ከኮርዱ ይልቅ ጆሮን የሚያውከው ግን ብዙ ጊዜ የግጥሙ አቀማመጥ ነው። እንግሊዝኛን ተከትሎ የመጣ ዜማ ላይ አማርኛ ሲጫን መጥበቅ ያለበት ቃል ይላላል፤ መላላት ያለበትም ይጠብቃል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ይበላል» ሲላላ በላተኛውን፣ ሲጠብቅ ምግቡን ይናገራል። ዜማው ጠብቆ መነገር ያለበትን ቃል በጎተተው ጊዜ አድማጩ ምን እንደጎረበጠው ሳያውቀው «ይህ የእኛ አይደለም» ይላል። ስለዚህ ግጥምሽን ከመዝፈንሽ በፊት ለሰው እንደምታወሪ አድርገሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪው፤ ድምፅሽ በንግግር የሚጠብቅበትንና የሚላላበትን ምልክት አድርጊበት፤ ዜማውንም በዚያ ላይ ቁረጪው። የስንኝ ልኩን በሚመለከት የእኛው የወል ቤት ይበቃሻል። ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች በአራት ባር፣ ማለትም በአራት የምት ክፍሎች ላይ ሲቀመጡ፣ በመካከል ትንፋሽ መውሰጃ ቦታ ይተርፋል፤ ታሪክ ለመተረክም እጅግ የተመቸ ነው። ሌላው ችግር ቤት መምቻው ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ በራስሽ ላይ የደረሰን ታሪክ ስትተርኪ እያንዳንዱ ስንኝ «ሄድኩ፣ ቆምኩ፣ ጠበቅኩ» እያለ ያልቅና ቤቱ ይሰለቻል። የሕዝብ ግጥሞቻችን ይህን የሚያመልጡት ግሱን ወደ መካከል ስበው ስሙን መጨረሻ ላይ በማሳረፍ ነው። እነዚያን ግጥሞች በቃልሽ አጥኚ፤ ከማንኛውም ትምህርት ቤት የበለጠ ያስተምሩሻል።

ግጥምና ዜማ እንድትገዢ የመከሩሽ ሰዎች ክፉ አላሰቡም። በእኛ አገር የአልበም ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ለየብቻ የሚጻፈው ሥራው በተለያዩ ባለሙያዎች እጅ የሚያልፍ ስለሆነ ነው፤ ታላላቅ ሥራዎቻችንም በዚሁ መንገድ ተወልደዋል። ነገር ግን እጅጋየሁ ሽባባውና ቴዎድሮስ ካሣሁን ዘፈኖቻቸውን ራሳቸው በመድረሳቸው የሰው ጆሮ አልሸሻቸውም። በተረፈ አንቺ 14 ዘፈኖች አሉሽ። የ11 ዓመቷ ቴይለር ናሽቪል ስትደርስ ያልነበራት ነገር አንቺ ዘንድ አለ። ይህን አስቀምጦ የሰው መግዛት ለእኔ አይታየኝም።

ስለዚህ ከየት ትጀምሪያለሽ? ከ14ቱ አምስቱን ምረጪ፤ ምርጫውንም ካንቺ በላይ ግጥም የሚያውቅ አንድ ሰው አብሮሽ ቢያደርገው መልካም ነው። ቀሪዎቹን አትጣያቸው፤ ኋላ የሚጠቅም ስንኝ አይጠፋባቸውም። በሐይቁ ዳር ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች ቅዳሜና እሑድ ምሽት የሚፈልጉት ሰው የሚያስጨፍር ባንድ ነው፤ የአንቺ ዘፈን እዚያ ቢቀርብ ቃሉ በጫጫታ ይዋጣል፤ አንቺም የዘፈኑ ጥፋት ይመስልሽና ተስፋ ትቆርጫለሽ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ የሚልበትን አንድ አነስተኛ ካፌ ፈልጊ፤ ባለቤቱን በሳምንት አንድ ቀን የአርባ ደቂቃ ጊዜ ጠይቂው። ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች ግጥም የሚጽፉ ተማሪዎች አታጪም፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ እንደ ብሉበርዶቹ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ተራ በተራ አቅርቡ። አሥር ሰው ቢመጣ በቂ ነው። የትኛው ስንኝ ላይ ሰው ስልኩን እንዳስቀመጠ፣ የትኛው ላይ መልሶ እንዳነሣው ተመልከቺ፤ ቤት ስትገቢም በደብተርሽ ላይ ጻፊው። ይህን ለስድስት ወር ካደረግሽ በኋላ ሁለቱን ዘፈኖች በጊታርና በድምፅ ብቻ አስቀጂ። ሙሉ ቅንብር፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠንና የመጨረሻ ቅርጽ ማስያዝ) ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቁ አሁን አያስፈልጉሽም፤ ያልበሰለ ዘፈን በቅንብር አይበስልም። ቅጂውን ይዘሽ እንደ ሎሬታ ሊን ራስሽ ወደ ከተማሽ ኤፍኤም ጣቢያዎች ሂጂ። በኢንተርኔት መላኩ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሰው ፊት ግን በቀላሉ አይረሳም።

ሁለተኛው ደብዳቤ

«የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ምሽት በአንድ ሆቴል ጊታር እጫወታለሁ። የካንትሪና የትዝታ መንፈስ ያላቸው የራሴ ዘፈኖች አሉኝ። ስቱዲዮ ያለው አንድ ሰው አምስቱን በነፃ ሊቀዳልኝ ቃል ገብቷል፤ በምላሹ ግን ዘፈኖቹ የእርሱ እንዲሆኑ የሚል ወረቀት እንድፈርም ይፈልጋል። ሌላ አማራጭ ስለሌለኝ ልፈርም ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? የጊታሩ ልጅ ነኝ።»

ውድ ወንድማችን፣ ወረቀቱን እንዲህ እንዳለ አትፈርም። ምክንያቴን ለማስረዳት በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይኖርብናል። አንደኛው ዘፈኑ ነው፤ ይኸውም ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ ይኸውም በዚያ ስቱዲዮ በዚያ ቀን የተቀዳው ድምፅ። ስቱዲዮው የደከመው ለቅጂው ስለሆነ በቅጂው ላይ ድርሻ ቢጠይቅ አግባብ አለው። ዘፈኑን ግን አልጻፈውም።

በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ የግጥምና የዜማ ደራሲ ሥራው የራሱ ወጥ ፈጠራ እስከሆነና ግዙፍነት እስካገኘ ድረስ፣ ማለትም በወረቀት እስከሰፈረ ወይም በድምፅ እስከተቀዳ ድረስ፣ ያለ ምንም የምዝገባ ሥርዓት ጥበቃ ያገኛል። የኢኮኖሚ መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አምስት ዘፈኖችህን በአንድ ፊርማ ስትሰጥ የምትሰጠው ገና ያልወለድሃቸው ልጆችህ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ጭምር ነው። በጭንቅላትህ ብቻ የያዝኸው ዜማ ግን ይህን ጥበቃ አያገኝም። ስለዚህ ዛሬውኑ ሁሉንም በስልክህ ቅዳቸው፤ ግጥሙን ከነቀኑ ጻፈው፤ ለራስህም በኢሜይል ላከው። ምዝገባው ግዴታ ባይሆንም ለማስረጃ ይጠቅማልና የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መጠየቅ ትችላለህ።

የካንትሪ ዘፋኞች ታሪክ በዚህ ረገድ እጅግ አስተማሪ ነው። ዶሊ ፓርተን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጻፈችውንና ራሷ የተጫወተችውን አንድ የስንብት ዘፈን ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈለገ። ሥራ አስኪያጁ ግን የዘፈኑ የአሳታሚነት መብት ግማሹ ለእነርሱ እንዲሆን ጠየቀ። ዶሊ ኤልቪስን እጅግ ትወደው ነበር፤ ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ራሷ ተናግራለች። ሆኖም አልሰጠችም። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ያንኑ ዘፈን በፊልም ላይ ዘፈነችው፤ እዚህ እኛ አገር እንኳ ያልሰማው ሰው አይገኝም፤ የደራሲነቱ ገቢም ለዶሊ ገባ። ቴይለር ስዊፍት ደግሞ በልጅነቷ በፈረመችው ውል የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞቿ ቅጂዎች ባለቤት ኩባንያው ነበር። በ2019 ኩባንያው ሲሸጥ ቅጂዎቹም አብረው ተሸጡ። ዘፈኖቹን የጻፈችው እርሷ በመሆኗና የደራሲነት መብቷን በመያዟ ግን ከ2021 ጀምሮ ከስድስቱ አልበሞች አራቱን እንደ አዲስ ቀድታ ልታወጣ ቻለች፤ በ2025 ደግሞ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ገዝታ አስመለሰች። ቅጂው ከእጅ ቢወጣ እንኳ መመለሻ መንገድ ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ ትረዳለህ። ዘፈኑን የሰጠ ሰው ግን በምን ይመለሳል?

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ስለ ደረሰብኝም ጭምር ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ ሁለት ዜማዎችን ለአንድ ድምጻዊ በቃል ብቻ ሰጠሁ። «ስምህ ይጻፋል» ተብዬ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ አንደኛውን ሰማሁት፤ ካሴቱን ገዝቼ ሽፋኑን ሳየው በዜማ ደራሲነት የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነበር። የማሳየው ወረቀትም፣ የማሰማው ቅጂም አልነበረኝም። ዜማው እስከ ዛሬ ሲዘፈን ስሰማ ደስታውና ኀዘኑ እኩል ይመጡብኛል።

ለሰውየው የምታቀርብለት ሐሳብ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ቀረጻውን በነፃ ይሥራልህ፤ በምላሹ ከቅጂው ከሚገኘው ገቢ የተወሰነ ድርሻ ለተወሰኑ ዓመታት ይውሰድ፤ ግጥሙና ዜማው ግን የአንተ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ዓመቱ በቁጥር ይጠቀስ፤ የእያንዳንዱ ዘፈን ርእስ ይዘርዘር፤ የቀረጻው ዋና ፋይል ግልባጭ ለአንተ እንዲሰጥህ ይስፈር፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። ከተቻለህ ከመፈረምህ በፊት አንድ የሕግ ባለሙያ ያንብበው። ሰውየው ቅን ከሆነ ይህ አያስቆጣውም። ከተቆጣና ከተወህ ደግሞ በስልክህ ቀድተህ ቀጥል። በነገራችን ላይ፣ ኬኒ ሮጀርስ በ1978 የዘፈነውንና በአገራችን ሁሉ ሰው የሚያውቀውን የቁማርተኛውን ዘፈን የጻፈው ዶን ሽሊትዝ የተባለ ወጣት ሲሆን፣ ሲጽፈው ዕድሜው 23 ነበር፤ ልክ እንደ አንተ። በዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍል በሌሊት ፈረቃ እየሠራ ኑሮውን ይገፋ ነበር፤ ዘፈኑም እስኪታወቅ ሁለት ዓመት ያህል ጠብቋል። የሆቴል ሥራህን እንደያዝህ መጠበቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሦስተኛው ደብዳቤ

«የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ዘፈን ትጽፋለች፤ ጊታርም ትመታለች። አሁን ትምህርቷን አቁማ ወደ አዲስ አበባ ሄዳ መዝፈን እንደምትፈልግ ነግራኛለች። ብከለክላት የምሰብራት፣ ብፈቅድላት የምጥላት መስሎኝ ተጨንቄአለሁ። አባት ነኝ፣ ከሐዋሳ።»

የተከበሩ አባታችን፣ በመጀመሪያ ልጅዎ ሐሳቧን ደብቃ ከቤት ሳትወጣ ለእርስዎ መንገሯ በመካከላችሁ መተማመን እንዳለ ያሳያልና ይህን ይጠብቁት። ትምህርቷን በሚመለከት ዶሊ ፓርተንን ይጥቀሱላት። ከ12 ልጆች አራተኛዋ ሆና በቴኔሲ ተራሮች በድህነት ያደገችው ዶሊ፣ ገና በ10 ዓመቷ ገደማ በኖክስቪል የአካባቢ ራዲዮና ቴሌቪዥን ትዘፍን ነበር፤ በ13 ዓመቷም የመጀመሪያ ሸክላዋን አስቀድታለች። ይህ ሁሉ እያላት ወደ ናሽቪል የሄደችው በ1964 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨርሳ በተመረቀች ማግሥት ነው። ቴይለርም ብትሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ኋላ በቤቷ ሆና ተከታትላ በ2008 አጠናቅቃለች።

«ጨርሺና ትሄጃለሽ» ብቻ ካሏት ግን ሁለቱ ዓመታት እንደ እስር ይረዝሙባታል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ያህል፣ የቤት ሥራም ሆነ የጓዳ ሥራ የማይነካው ጊዜ ይስጧት። በዕድሜ የበሰለች፣ ግጥም የምታውቅ አንዲት ሴት መምህርት ወይም ዘመድ ብትገኝ አብራት ትቀመጥ። የጻፈችውንም በወር አንድ ጊዜ እርስዎና እናቷ ቁጭ ብላችሁ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አድምጧት። አስተያየት ከመስጠትዎ በፊት አንዱን ዘፈን እንድትደግምልዎ ይጠይቋት።